የዓሣ ተሸካሚው ልጅ በመኮንን ልብስ

በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው አፉን ከከፈተ የት ሰፈር እንደተወለደ፣ አባቱ ምን ሠርቶ እንዳሳደገው፣ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደገባ ሰሚው ወዲያው ይገምታል። ድህነት በልብስ ይሸፈናል፤ ዘዬ ግን ያጋልጣል። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በብሪታንያ ፊልም መሪ ተዋናይ ለመሆን የሚጠየቀው አነጋገር የታወቀ ነበር፤ ከፍለው የሚማሩ የባለጸጋ ልጆች አነጋገር። ኮክኒ የሚባለውን የለንደን ሠርቶ አደር ዘዬ ይዞ ለመጣ ወጣት የሚሰጠው ቦታ የአሽከር፣ የኪስ አውላቂ፣ የታክሲ ነጂ፣ ወይም ሰው ለማሳቅ የሚገባ ተራ ወታደር ነው። ማይክል ኬን የመጣው ከነዚህ ሰዎች መካከል ነው። የፊልም ሕይወቱ ከስልሳ ዓመት በላይ ዘልቋል። ሁለት ኦስካር ወስዷል፤ የሰር ማዕረግም ተሰጥቶታል። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ሥራው ሌላ ነው፤ ዘዬውን ሳይጥል የመሪ ተዋናይን ቦታ ያዘ። ይህን ያደረገው ደግሞ በተሰጥኦው ብቻ አልነበረም። አንድ ዘመን፣ አንድ አገርና ጥቂት ሰዎች በሩን ገርበብ አድርገው ትተውለት ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማርች 14 ቀን 1933 በደቡብ ለንደን፣ ሮዘርሃይዝ በሚባለው የወደብ ሰፈር ሲወለድ የወጣለት ስም ሞሪስ ጆሴፍ ሚክልዋይት ነበር። አባቱ በቢሊንግስጌት የዓሣ ገበያ ተሸካሚ ነው፤ ከተማው ሳይነቃ ተነሥቶ በበረዶ የታጨቀ ዓሣ ሲያመላልስ የሚውል ሰው። በዚያ ገበያ ልጅ የአባቱን ሥራ መውረሱ የተለመደ ስለነበር የሞሪስም ዕጣ ገና በሕፃንነቱ የተቆረጠ ይመስል ነበር። እናቱ ኤለን በሰው ቤት ታበስላለች፣ ታጸዳለች። ልጁ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት በሽታ ነበረበት፤ የዓይን ሽፋኑን የሚያሳብጥ ሕመምም አብሮት አደገ። ያ እንቅልፍ የተጫነው የሚመስል፣ በግማሽ የተከደነ ዓይን በኋላ በትልቁ ስክሪን ላይ መለያው ሆነ።

ስድስት ዓመት ሲሞላው ጦርነት መጣ። የለንደን ሕፃናት ከቦምብ ድብደባ እንዲተርፉ ወደ ገጠር ሲላኩ እሱም ከታናሽ ወንድሙ ከስታንሊ ጋር ተላከ። መጀመሪያ የተቀበሉት ሰዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ይዘጉበት እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተናግሯል፤ እናቱ መጥታ ያለበትን ሁኔታ ስታይ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ ኖርፎክ ውስጥ ኖርዝ ራንክተን በምትባል መንደር ከእናቱ ጋር ተቀመጠ። እዚያ ንጹሕ አየር አገኘ፣ ጠገበ፣ በትምህርት ቤት ትርኢት ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ፊት ቆመ። በ1944 የነፃ ትምህርት ፈተና አለፈ። ይህ የሕይወቱ የመጀመሪያ በር ነው። የተሸካሚ ልጅ ካምበርዌል ወደሚገኘው ዊልሰንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባው ቤተሰቡ ከፍሎ ሳይሆን መንግሥት ስለከፈለለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በተባለው ሰፈር፣ ቦምብ ቤታቸውን ላፈረሰባቸው ሰዎች በችኮላ ከተተከሉት ተገጣጣሚ ቤቶች በአንዱ ገባ። ሙቅ ውኃ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና በቤት ውስጥ ያለ መጸዳጃ ለሚክልዋይት ቤተሰብ አዲስ ነገር ነበር። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ቤት ይውላል፤ በዎልወርዝ ሰፈር ክለብላንድ በሚባል የወጣቶች ማዕከል ደግሞ ድራማ ይሠራል። በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቁሞ በፊልም ድርጅቶች ውስጥ በተላላኪነትና በመዝገብ ሠራተኛነት ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ የብሪታንያ ወጣት የሁለት ዓመት ወታደራዊ አገልግሎት ግዴታ ነበረበት። እሱም በ1952 ሮያል ፊውዚሊየርስ ከተባለው ክፍለ ጦር ጋር ገብቶ መጀመሪያ ጀርመን፣ ቀጥሎ ኮሪያ ዘመተ። በዚያው ጦርነት፣ በዚያው የተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር የእኛ ቃኘው ሻለቃ ልጆችም ይዋጉ ነበር። ኬን እንደሚተርከው አንድ ሌሊት በቅኝት ላይ ሳሉ ጠላት ከኋላቸው እንደገባ ስለተረዱ መሞታቸው ካልቀረ ወደ ጠላት እየሮጡ ለመሞት ወሰኑ፤ በጨለማው ውስጥም ተረፉ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሞትን በዚህ ዓይነት ያየ ሰው ኋላ ካሜራ ፊት ሲቆም የሚታይበትን እርጋታ ሳይ ይህን ሌሊት አስባለሁ። ከኮሪያ የመጣው ግን እርጋታ ብቻ አይደለም፤ ወባም ይዞ ተመልሷል።

ከሠራዊቱ ሲወጣ በሳሴክስ፣ ሆርሻም ከተማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የቴአትር ቡድን በረዳት የመድረክ አስተዳዳሪነት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ። በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ያወጣሉ፤ ተዋናዩ ቀን የሚቀጥለውን ሳምንት ቃለ ተውኔት ያጠናል፣ ማታ የዚህን ሳምንት ይጫወታል፣ በመሐል ወንበር ያነሣል፣ መጋረጃ ይስባል። ኬን የድራማ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ይህ ነበር። ማይክል ስኮት በሚል የመድረክ ስም ጥቂት ከሠራ በኋላ በዚያ ስም የተመዘገበ ሌላ ተዋናይ እንዳለ ወኪሉ በስልክ ነገረው። በ1954 ነው፤ የቆመው ሌስተር ስኩዌር ባለ የስልክ ሣጥን ውስጥ ሲሆን ፊት ለፊቱ ያለው ኦዲዮን ሲኒማ የሚወደው ሃምፍሪ ቦጋርት የሠራበትን «ዘ ኬን ሚውትኒ» እያሳየ ነበር። ኬን የሚለውን ከዚያ ወሰደ።

ስሙ ተለወጠ እንጂ ኑሮው አልተለወጠም። በ1956 «ኤ ሂል ኢን ኮሪያ» በተባለ ፊልም ትንሽ ቦታ አገኘ፤ ከዚያ ለሰባት ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ድራማና በፊልም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓረፍተ ነገር የማያልፍ ሚና እየያዘ ኖረ። ፖሊስ ሆኖ ገብቶ ይወጣል፣ ወታደር ሆኖ ገብቶ ይወጣል። አባቱ በጉበት ካንሰር የሞተው ልጁ ሰው ሆኖ ሳያይ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው ሰው ሲሞት ኪሱ ውስጥ የተገኙት ጥቂት ሳንቲሞች ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያ ትዳሩም ፈረሰ። በ1959 «ዘ ሎንግ ኤንድ ዘ ሾርት ኤንድ ዘ ቶል» በተባለው ተውኔት የፒተር ኦቱል ተጠባባቂ ሆነ። ከምሥራቅ ለንደኑ ልጅ ከቴሬንስ ስታምፕ ጋር ቤት ተጋርቶ፣ ኪራይ እያቃተው፣ ሠላሳ ዓመቱን ደፈነ።

ይሁንና በነዚያው ዓመታት አገሪቱ ከሥር እየተናጠች ነበር። በ1956 ሮያል ኮርት ቴአትር የጆን ኦስቦርንን «ሉክ ባክ ኢን አንገር» መድረክ ላይ ሲያወጣ ሎሌና ጌታ የማይታይበት፣ ቁጡ የሆነ ተራ ሰው የሚናገርበት ድራማ መጣ። የሳልፈርዱ አልበርት ፊኒ፣ የሃሉ የወደብ ሠራተኛ ልጅ ቶም ኮርትኔይ ራዳ በተባለው ስመ ጥር የድራማ ትምህርት ቤት ተምረው ወጡ። በጦርነቱ ማብቂያ የወጡት የትምህርትና የማኅበራዊ ዋስትና ሕጎች ፍሬ ያፈሩት በዚህ ጊዜ ነው። የኬን መነሣት ከዚህ ተነጥሎ ቢነገር ተረት ይሆናል። በዚያ ሰፈር ከእሱ በፊት የተወለዱ ስንት ባለ ተሰጥኦዎች ዓሣ ተሸክመው እንዳለፉ ማን ያውቃል?

ወሳኙ አጋጣሚ በ1963 መጣ። «ኔክስት ታይም አይል ሲንግ ቱ ዩ» በተባለ ተውኔት ላይ ሲሠራ የዌልሱ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ ተዋናይና ፕሮዲዩሰር ስታንሊ ቤከር አየው። ቤከር «ዙሉ» የተባለውን ፊልም ሊያዘጋጅ ነው። ኬን ለፈተና የተጠራው ለተራ ወታደሩ ለሄንሪ ሁክ ሚና ነበር፤ እንደተለመደው ለኮክኒው ቦታ። ሲደርስ ሚናው ለጄምስ ቡዝ ተሰጥቷል። ተሰናብቶ ሊወጣ ሲል ዳይሬክተሩ ሳይ ኤንድፊልድ መለሰው። ቁመቱንና ፀጉሩን አይቶ የባላባት መኮንን ትመስላለህ፣ አነጋገሩን ትችለዋለህ ወይ አለው። በዚህ ዓይነት ለሌተና ጎንቪል ብሮምሄድ ሚና ታጨ። ኤንድፊልድ አሜሪካዊ ነው፤ በኮሚኒስትነት ተጠቁሞ ከሆሊውድ የተባረረ ስደተኛ። ኬን ደጋግሞ እንደሚለው አንድ እንግሊዛዊ ዳይሬክተር፣ ግራ ዘመምም ቢሆን፣ የኮክኒን ልጅ መኮንን አድርጎ አያስብም ነበር። እኔም አምነዋለሁ። እንግሊዛዊው ጆሮ የሚሰማውን ያ ባዕድ ጆሮ አልሰማም፤ ያየው ፊትና ቁመና ብቻ ነው።

በ1964 የወጣውን «ዙሉ» ዛሬ ስታዩት የኬንን እጆች ተመልከቱ። የልዑል ፊሊፕን አካሄድ አጥንቶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይራመዳል፤ በር የሚከፍትለት፣ ጠላት የሚከላከልለት ሰው ስላለው እጁን ማዘጋጀት የማያስፈልገው ሰው አካሄድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቀረጻ ክፍሎች ለንደን ሲታዩ ይህ ልጅ እጁን የት እንደሚያደርግ እንኳ አያውቅም የሚል አስተያየት እንደተላከ ራሱ ይተርካል። አላወቁበትም። በሎሌ ልጅ ዓይን ጌቶችን ከታች ወደ ላይ ሲመለከት ያደገ ሰው ጌቶቹ ራሳቸው የማያስተውሉትን ያውቃል።

ስለ «ዙሉ» ሳነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፊልሙ የአንድ መቶ ሃምሳ ያህል የብሪታንያ ወታደሮችን ተጋድሎ ያወድሳል፤ በጃንዋሪ 1879 ወራሪው ማን እንደነበር ግን አይነግረንም። ፊልሙ የሚተርከው የሮርክስ ድሪፍት ውጊያ በተጀመረበት በዚያው ዕለት በኢሳንድልዋና ዙሉዎች ከ1,300 በላይ የብሪታንያ ጦር አባላትን ደምስሰዋል። ቀረጻው የተካሄደው አፓርታይድ በነገሠበት በደቡብ አፍሪካ ሲሆን የንጉሥ ሴችዋዮን ሚና የተጫወተው የራሱ ዘር የሆነው ማንጎሱቱ ቡተሌዚ ነው። ለኬን በር የከፈተው ፊልም ለአፍሪካውያኑ ስም ያለው ገጸ ባሕርይ አልቸራቸውም ለማለት ይቻላል። በአንድ አገር ያለ የመደብ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሌላው ግድግዳ እንዳለ ሊቆም እንደሚችል ፊልሙ ሳያስበው ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ሄደ። የጄምስ ቦንድ ፊልሞች ፕሮዲዩሰር ሃሪ ሳልትዝማን «ዙሉ»ን አይቶ በ1965 «ዘ ኢፕክረስ ፋይል» ላይ ሃሪ ፓልመር አደረገው። ፓልመር መነጽር የሚያደርግ፣ ገበያ ሄዶ አስቤዛ የሚገዛ፣ ራሱ የሚያበስል፣ የደመወዝ ጭማሪ የሚያሰላ ሰላይ ነው። አለቆቹ ባለ ማዕረግ ናቸው፤ እሱ ደግሞ የተናቀ ተቀጣሪ። እዚህ ላይ ኬን በራሱ ዘዬ ተናገረ፤ ዓለምም ሰማው። በ1966 «አልፊ» ሲመጣ ካሜራውን ቀጥ ብሎ እያየ ተመልካቹን እንደ ጓደኛ የሚያዋራ ሴት አሳዳጅ ሆነ። ሚናውን በኒውዮርክ መድረክ ተጫውቶት የነበረው የቤቱ ባልደረባ ስታምፕ ፊልሙን አልሠራም በማለቱ ነው ለእሱ የደረሰው። ለአሜሪካ ተመልካች አንዳንዱን ንግግር ለጆሮ እንዲቀል አድርጎ እንደገና ቀድቶታል፤ የዘዬ ጣጣ ውቅያኖስ ሲሻገርም አልለቀቀውም። ለኦስካር የታጨውም በዚህ ነው።

በዘዬው መጽናቱ ጉድለትም ነበረው። በ1971 በወጣው የማይክ ሆጅስ «ጌት ካርተር» ላይ ለወንድሙ ደም ሊበቀል ወደ ተወለደበት ኒውካስል የሚመለስ ወንበዴ ነው፤ ሰሜናዊው ካርተር ግን ከአፉ የሚወጣው የለንደን ዘዬ ነው። ሁለተኛውን ኦስካር ያስገኘለት የ1999ኙ «ዘ ሳይደር ሃውስ ሩልስ» ላይም የሜይኑ አሜሪካዊ ሐኪም አነጋገር ለእኔ ጆሮ አንድ ቦታ አይረጋም። እንደ አሌክ ጊነስ በየፊልሙ ሌላ ሰው የሚሆን ተዋናይ አይደለም። ቢሆንም «ጌት ካርተር»ን ያየ ሰው ያንን ቀዝቃዛ ፊት አይረሳም። ኬን ካርተርን የሚያውቀው ከሰፈሩ ነው፤ አብረውት ካደጉት ልጆች ውስጥ በዚያ መንገድ የሄዱ ነበሩ።

የችሎታው ጫፍ ለእኔ የ1972ቱ «ስሉዝ» ነው። በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው ከሁለት ሰዓት በላይ ይፋለማሉ፤ አንደኛው ባለ ርስት ደራሲ፣ ሁለተኛው የስደተኛ ጣሊያናዊ ልጅ የሆነ ፀጉር አስተካካይ። ደራሲውን የተጫወተው የእንግሊዝ መድረክ ንጉሥ የሚባለው ሎረንስ ኦሊቪየር ነው፤ ያውም የሎርድነት ማዕረግ በተሰጠው ማግሥት። ቀረጻው ሳይጀመር ኦሊቪየር ለኬን ደብዳቤ ጻፈለት፤ እኔን ምን ብለህ እንደምትጠራኝ ሳትጨነቅ አትቀርም፣ ከተጨባበጥን በኋላ ላሪ በለኝ የሚል። ቸርነት ነው፤ ግን ቸርነቱ ራሱ ልዩነቱን ይናገራል። በፊልሙ ኦሊቪየር ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ፊቱን ይለዋውጣል፣ ቤቱን ይሞላዋል። ኬን ደግሞ ያዳምጣል። ሌላው ሲናገር ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ውርደት፣ ከዚያ ቁጣ፣ ከዚያ ሒሳብ ተከታተሉ። ሁለቱም በመሪ ተዋናይነት ለኦስካር ታጩ።

ማዳመጥ የሙያው እምብርት ነው። በ1987 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ለወጣት ተዋንያን የፊልም ትወና ትምህርት ሲሰጥ ያስተማረው ይህንኑ ነበር። በመድረክ ላይ ድምፅህ የመጨረሻው ወንበር መድረስ አለበት፤ ካሜራ ግን አንተ ዘንድ ይመጣልና አታባርረው። ፊትህ ቀርቦ ሲቀረጽ ዓይንህን አታርገብግብ፤ የሚያርገበግብ ሰው ደካማ ይመስላል። ቃለ ተውኔትህን ሳታስበው እስኪወጣ ድረስ ሸምድደው፤ ያን ጊዜ ባልደረባህን በእርግጥ ትሰማዋለህ። ይህን የሚናገረው ስለ ቧንቧ ሥራ እንደሚያስረዳ ባለሙያ ነው፤ ትወና ለእሱ በሰዓቱ የሚገቡበት፣ ተዘጋጅተው የሚመጡበት የዕለት ሥራ ነው።

ይኸው አመለካከት ነው ብዙ መጥፎ ፊልም ያሠራው። «ዘ ስዋርም»፣ «ዘ አይላንድ»፣ ከሁሉም በላይ የ1987ቱ «ጆስ፡ ዘ ሪቬንጅ»። በ«ሃና ኤንድ ኸር ሲስተርስ» የመጀመሪያውን ኦስካር ሲያሸንፍ ሥነ ሥርዓቱ ላይ ያልተገኘው ይህንኑ የሻርክ ፊልም በመቅረጽ ላይ ስለነበር ነው። ፊልሙን አላየሁትም፣ ገንዘቡ የገዛውን ቤት ግን አይቼዋለሁ ይል ነበር። ሐያሲዎች በዚህ ሲወቅሱት ኖረዋል። እኔ አልወቅሰውም። አባቱ ኪስ ውስጥ የተገኘውን ሳንቲም የቆጠረ ሰው ሥራ ሲመጣ እምቢ እንዲል የሚጠብቅበት፣ ሥራ ማጣትን የማያውቅ ሰው ነው።

ዓመታት አልፈው ነገሩ ተገለበጠ። በ1983 «ኤጁኬቲንግ ሪታ» ላይ ጁሊ ዎልተርስ መማር የቆረጠች የሊቨርፑል ፀጉር ሠሪ፣ ኬን ደግሞ በመጠጥ የደነዘዘ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የፀጉር አስተካካዩን ወንበር ትቶ የምሁሩን ያዘ። የሪታን ጥማት ሲያይ ዓይኑ ውስጥ የሚታየው ርኅራኄ ከትወና በላይ ይመስለኛል፤ ያንን ጥማት ያውቀዋልና። የብሪታንያው የፊልም አካዳሚ ባፍታ የሸለመው በዚህ ሥራው ነው።

የዛሬ ወጣት የሚያውቀው ግን በ2005 ከ«ባትማን ቢጊንስ» ጀምሮ የታየውን የባትማን አሳዳጊ አልፍሬድን ነው። ከዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ጋር ስምንት ፊልም ሠርቷል፤ በ«ደንከርክ» የሚሰማው ድምፁ ብቻ ነው። ለአልፍሬድ የሰጠው ድምፅ ከወታደርነት ዘመኑ የሚያስታውሰው የአንድ ሃምሳ አለቃ ድምፅ እንደሆነ ተናግሯል። በ2009 ደግሞ «ሃሪ ብራውን»ን ልጅነቱን ባሳለፈበት በኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሠራ፤ ፊልሙ የተቀረጸበት የሄይጌት መኖሪያ ሕንፃ በኋላ ፈርሷል። በ2000 የሰርነት ማዕረግ ሲቀበል የተጠራው በአባቱ ስም፣ ሰር ሞሪስ ሚክልዋይት ተብሎ ነው። በ2023 በወጣው «ዘ ግሬት ኢስኬፐር» በ89 ዓመቱ ከአረጋውያን መጦሪያ ወጥቶ ኖርማንዲ ወደሚደረገው የጦርነት መታሰቢያ የሄደውን በርናርድ ጆርዳንን ተጫወተ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ በ90 ዓመቱ፣ ከትወና መሰናበቱን አስታወቀ።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ። ከቅርብ ጊዜያት ወዲህ ከብሪታንያ የወጡትን ስመ ጥር ተዋንያን እንይ፤ ኤዲ ሬድሜይንና ቶም ሂድልስተን ባለጸጎች ከፍለው ልጆቻቸውን ከሚያስተምሩበት ከኢተን፣ ቤኔዲክት ከምበርባች መሰሉ ከሆነው ከሃሮው። ተሰጥኦአቸውን አልጠራጠርም፤ እዚህ የደረሱት ተሰጥኦ ስላላቸው ነው። ግን ኬንን ያሠለጠኑት የክፍለ ሀገር የቴአትር ቡድኖች አብዛኞቹ ተዘግተዋል። የድራማ ትምህርት ቤት ደሃው የሚፈራው ብድር ይጠይቃል። ጁሊ ዎልተርስን ጨምሮ ከሠርቶ አደር ቤተሰብ የወጡ አንጋፋ ተዋንያን ዛሬ ብንጀምር ኖሮ አንደርስም ነበር እያሉ ሲናገሩ ቆይተዋል። እውነታቸውን ነው። የተሸካሚውን ልጅ መኮንን ያደረጉት የነፃ ትምህርት፣ የመንግሥት ቤት፣ ጀማሪን የሚቀጥር ትንሽ ቴአትርና ያ ስደተኛ ዳይሬክተር ናቸው። ብሪታንያ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ተዋናይ ከፈለገች እነዚህን መልሳ መገንባት አለባት።

ኬንን በአልፍሬድ ብቻ ለምታውቁት አንባቢዎች የማሳስበው ይህን ነው፤ «ዘ ኢፕክረስ ፋይል»ን፣ ከዚያ «ስሉዝ»ን፣ ከዚያ «ኤጁኬቲንግ ሪታ»ን በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። «ስሉዝ»ን ስታዩ ደግሞ ኦሊቪየር በሚናገርበት ጊዜ ሁሉ ዓይናችሁን ከኬን ላይ አትንቀሉ።